ከመስታወቱ በፊት ወለሉ

ድሬዳዋ ውስጥ ቤቱ ውስጥ ጂም ሊያዘጋጅ የተነሳ ሰው፣ ከብረቱ ቀጥሎ ልቡ የሚሄደው ወደ መስታወት ነው። አንድ ግድግዳ ሙሉ መስታወት፣ ጥግ ላይ የተደረደረ ዱምቤል፣ ከዚያ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ። ወለሉ "ያው የነበረው ይሁን" ይባላል። ሴራሚክ ከሆነ ሴራሚክ፣ ሊሾ ከሆነ ሊሾ። ገንዘብ ከተረፈ አንድ ቀን ምንጣፍ ይፈለግለታል። ብዙ ጊዜ ግን አይተርፍም።

ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መስታወቱ ባይኖር ወይም ትንሽ ቢሆን የሚጎድለው ከባለቤቱ ነው። ወለሉ ሳይታሰብበት ሲቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ታች ቤት የተኛ ሕፃን፣ ጣሪያው የሚርገበገብበት ጎረቤት፣ በላብ በረጠበ ሴራሚክ ላይ የምትንሸራተት እናት አብረው ይከፍላሉ። ስለዚህ ጥያቄው የውበት ብቻ አይደለም። ውስን ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያውን ብር የት ያውለው የሚል ጥያቄ ነው። መልሱም ወለሉ ላይ ነው።

ስፖርቱ ለምን ወደ ቤት ገባ?

የቤት ጂም የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። በድሬ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐረር ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ሜዳ ላይ ስፖርት የሚሠራው ወይ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ። ሱቅ ከፍቶ የሚያድር፣ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጅ ለትምህርት ቤት የምታደርስ ሰው እነዚያ ሰዓቶች አይመቹትም። ቀትሩ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ወይ እንቅልፍ ነው፣ ወይ በርጫ።

በሴቶች በኩል ምክንያቱ ይበልጥ ይጠብቃል። ወንዶች በሞሉበት ጂም ውስጥ መሥራት የማይመቻት፣ በአለባበሷ ወይም በእምነቷ ምክንያት ከዓይን ርቃ መንቀሳቀስ የምትፈልግ ሴት ያላት ምርጫ የቤቷ ክፍል ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶችና የስፖርት ውድድሮች ሲዘጉ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ መሥራት ለሁሉም አማራጭ መሆኑ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ሁለቱን የጡንቻ ቀናት ለመፈጸም 3 በ3 ሜትር የሆነች ክፍል ትበቃለች።

መሣሪያውም ቢሆን የግድ ከውጭ አይመጣም። የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ ቱቦ ብረት መሃሉ ላይ ሰክቶ ክብደት ማንሳት በየሰፈሩ የታወቀ ብልሃት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ድሬዳዋ ለዚህ ብልሃት እንግዳ ልትሆን አትችልም። እንዲህ ያለው ክብደት ግን ባዶ ሴራሚክ ላይ ሲወድቅ ሴራሚኩም ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶውም ይፈረፈራል። የወለሉ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

20 ኪሎ መቼ 10 ቶን ይሆናል?

ዕቃ ሲወድቅ የሚጎዳው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ አቋቋሙ ነው። 20 ኪሎ ዱምቤል ከግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ሲለቀቅ፣ ወለሉን ነክቶ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከቆመ፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የዱምቤሉን ክብደት 500 ጊዜ ያህል ነው። ይህ ከ10 ቶን ጭነት ጋር ይስተካከላል። ያው ዱምቤል እየተጨመቀ በሚቀበለው ጎማ ላይ ወድቆ በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ኃይሉ ወደ 1 ቶን ይወርዳል። ዱምቤሉም፣ ከፍታውም ያው ነው። የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነው።

ሴራሚክ አይታጠፍም፤ ሊሾም አይታጠፍም። ኃይሉን ሳይቀንሱ ወደ ታች ያስተላልፉታል። ከሴራሚኩ ሥር በደንብ ያልተሞላ ባዶ ቦታ ካለ ደግሞ፣ መሰንጠቁ የጊዜ ጉዳይ ነው። በላዩ ላይ ላብ ሲጨመር ሌላ አደጋ ይመጣል። የድሬ ሰው ሴራሚክ የሚወደው ስለሚቀዘቅዝ ነው፣ በቀትር ባዶ እግር ሲረገጥ ያሳርፋል። ያ ለስላሳ ቅዝቃዜ ግን በላብ ሲረጥብ ወደ ማንሸራተቻነት ይለወጣል። ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ሲባል ተረከዝ አንድ ጣት ያህል ብትንሸራተት፣ ጉልበትና ወገብ ላይ የምታመጣው ነገር በአንድ ሳምንት ዕረፍት የሚያልፍ ላይሆን ይችላል።

ታች ያለው ሰው

ጉዳዩ ከፎቅ ላይ ሲሆን ከግል ጤና ያልፋል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ድሬዳዋንም ደርሷል። መርሐ ግብሩ ወጪ ለመቀነስ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ቀድመው በተመረቱ ቢሞችና መሃላቸው ክፍት በሆነ ብሎኬት የሚሠራ ወለል ነው። ለመኖሪያነት የሚሆን አሠራር ነው። ብረት ለመወርወር ግን አልታሰበም።

የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለመኖሪያ ክፍል ወለል የሚያስበው ጭነት በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን ነው፤ በተራ ቋንቋ 200 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ለጂምናስቲክ አዳራሽና ለመሳሰሉት ግን 5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 500 ኪሎ ገደማ ያስባል። ይህ ማለት አንድ ሰው ዱምቤል ስላስገባ ፎቁ ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ኮዱ የደኅንነት ትርፍም አለው። ልዩነቱ የሚናገረው ግን ግልጽ ነው፤ መኖሪያ ቤትና ጂም ለአንድ ዓይነት ኑሮ አልተሠሩም። የብረት መደርደሪያ፣ አግዳሚ፣ ክብደቱ፣ ሰውየው፣ የጎማ ምንጣፉ ራሱ ሁሉም በአንድ ጥግ ሲከማቹ ያ 200 ኪሎ ቶሎ ይሞላል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መሣሪያውን በክፍሉ ዙሪያ ግድግዳ ግድግዳውን ቢያከፋፍል እንጂ መሃል ላይ ባይከምር ይሻለዋል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለሀብት በይዞታው ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ያዛል። ንዝረት የሚለው ቃል ስልሳ ዓመት አልፎት፣ ጂም የሚባል ነገር ወደ መኝታ ቤት ሲገባ አዲስ ትርጉም አግኝቷል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶች በማኅበር ሕንፃቸውን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል።

ነገር ግን ማንም ሰው በዱምቤል ምክንያት ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ማቆም አይፈልግም። ጠዋት ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች ናቸው። ለቅሶም ሰርግም አብረው የሚቀመጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ታች ያለው ሰው በይሉኝታ ዝም ማለቱ ነው። ላይ ያለው ደግሞ ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። ከወራት በኋላ በሌላ ነገር፣ በውሃ ወይም በመኪና ማቆሚያ፣ ጠብ ሲነሳ ሁሉም አንድ ላይ ይፈነዳል። ያንን ጠብ በጊዜው ማስቀረት ይቻል የነበረው በጥቂት ካሬ ሜትር ጎማ ነው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱ ሙሉ ይነገር። ጎማ የምት ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ከፎቅ ላይ ባርቤል አንስቶ የሚወረውር ሰው ምንም ያህል ወፍራም ጎማ ቢያነጥፍ ድም ድም የሚለው ድምፅ በቢሞቹ በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ከፎቅ ላይ ደንቡ ቀላል ነው፤ ክብደት ቀስ ተብሎ ይቀመጣል፣ ዝላይ አይዘለልም። ከባድ ባርቤል የሚፈልግ ሰው ምድር ቤት ወይም ግቢ ይፈልግ።

ምን ይነጠፍ?

ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው፣ እንደ እንቆቅልሽ እየተሰካካ የሚገጠመው የስፖንጅ ምንጣፍ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለሆድ ሥራና ለፑሽ አፕ ይበቃል። ለብረት ግን አይሆንም። ክብደት ሲያርፍበት ይጎደጉዳል፤ ቁጢጥ ሲባልበት እግር ይሰምጥና ቁርጭምጭሚት ይዋልላል። የድሬ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የምታርፍበት ከሆነ ደግሞ እየተኮማተረ መጋጠሚያው ይከፈታል። የበርጫ ክፍሉን ፍራሽና ምንጣፍ ለዚህ ማዋል የባሰ ነው፤ ላብና አቧራ ጠጥቶ በሙቀት ይሸታል።

ትክክለኛው ነገር ጠጣር ጎማ ነው። ለዱምቤልና ለመካከለኛ ክብደት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ባርቤል ለሚያነሳ ሰው ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ከተፈጨ አሮጌ ጎማ የሚሠራው ዓይነት አዲስ ሲሆን ይሸታል፤ ሙቀት ሽታውን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከመነጠፉ በፊት ጥላ ሥር ለቀናት መናፈስ አለበት፣ ክፍሉም መስኮት ይኑረው።

ክፍሉን በሙሉ ማልበስ ግን የግድ አይደለም። አንድ ኮምፖልሳቶ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። 2.2 ሜትር ርዝመት ያለው ባር በቁመቱ ሲተኛበት ሁለቱም ክብደቶች እላዩ ላይ ያርፋሉ። ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖልሳቶ ደራርቦ በብሎን ማያያዝ፣ ክብደቱ በሚያርፍባቸው ሁለቱ ጫፎች ላይ ጎማ ማልበስ፣ መሃሉን ለእግር ባዶ መተው፤ ይህ ብቻ 3 ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ጠንካራ መድረክ ይሰጣል። ኮምፖልሳቶው ምቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚበትነው አንድ ሴራሚክ ብቻውን አይመታም። አናጺ ጋ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በድሬ የምድር ቤት ወለል ላይ ምንም ነገር በማጣበቂያ አይለጠፍ። ሐምሌ 1998 ሲያልቅ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለበትን ጎርፍ ከተማዋ አልረሳችም። ያን ያህል ባይሆን እንኳ ክረምት ሲገባ ወደ ግቢ የሚዘልቅ ውሃ፣ ሞልቶ የሚፈስ ሮቶ፣ በበር ሥር የሚገባ አሸዋ የተለመዱ ናቸው። የሚነሳ ምንጣፍ ተነስቶ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የተለጠፈ ጎማ ግን ከሥሩ ውሃ ይዞ ሲሸት ይከርማል።

አሮጌው ጎማ የት ይሄዳል?

የዋጋው ነገር ሲነሳ የዶላሩ ነገር አብሮ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ የጂም ጎማ ዋጋም አብሮ ወጣ። "መስታወቱን እንጂ ጎማውን አልቻልነውም" የሚል ሰው ምክንያት አለው።

ግን ከተማዋን ልብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ያስገርማል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ዛሬም የጅቡቲ መንገድ የሚያልፍባት፣ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተባት ከተማ ናት። ከባድ መኪና ያለበት ሁሉ ያረጀ ጎማ አለ። ዓለም ላይ የሚሸጠው የጂም ወለል አብዛኛው የሚሠራው ደግሞ ከዚያው ካረጀ ጎማ ነው። ጎማ ቆርጦ በረባሶ መሥራትን ትውልድ ያወቀበት አገር፣ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ምንጣፍ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣለት በዶላር ይጠብቃል።

ጎማ የሚፈጭ ማሽን ትልቅ ካፒታል ይፈልጋል፤ እሱ የባለሀብትና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። ለአንድ ቤት መድረክ የሚሆን ጎማ ግን ከዚያ በፊትም ሊገኝ ይችላል። ሲሚንቶና ድንጋይ በሚያመላልሱ ፋብሪካዎች የሚያገለግለው የኮንቬየር ጎማ ሲያረጅ፣ በሌሎች አገሮች ለጂምና ለፈረስ ጋጣ ወለል ይውላል። ጠፍጣፋ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከመኪና ጎማ ይልቅ ለመንጠፍ ይመቻል። የመኪና ጎማ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከውስጡ የሚወጣውን ሽቦ ይጠንቀቅ፤ ጠርዙ ተሸፍኖ በኮምፖልሳቶ ላይ ካልተመታ እግር ይቆርጣል። ወጣቶችን አደራጅቶ ብድር የሚሰጥ ቢሮ ለባጃጅና ለዶሮ እርባታ ብቻ ከሚያስብ፣ ይህንንም አንድ የሥራ መስክ አድርጎ ቢያየው አይከፋም። ገዢው ጂም ብቻ አይደለም። የሕፃናት መጫወቻ፣ የክሊኒክ ኮሪደር፣ የከብት በረት ሁሉ ወለል ይፈልጋሉ።

መስታወቱ ምን ያህል ይበቃል?

አሁን ወደ መስታወቱ። መስታወት አያስፈልግም ማለት አይቻልም። የሚያስፈልገው ግን ሰው ከሚገዛው በጣም ያነሰ ነው። ሰው ሙሉ ቁመቱን ለማየት የቁመቱን ግማሽ የሚያህል መስታወት ይበቃዋል፤ ቀርቦም ቢቆም ርቆም ቢቆም ይኸው ነው። ቁም ነገሩ የሚሰቀልበት ከፍታ ነው። የእግሩን ጣት ለማየት የመስታወቱ ታችኛ ጠርዝ ከዓይኑ ከፍታ ግማሽ መብለጥ የለበትም።

በቁጥር ሲታይ፤ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ዓይኑ ከወለል 1.64 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቆሞ እግሩን ለማየት መስታወቱ ከ82 ሳንቲ ሜትር ቢጀምር ይበቃዋል። ቁጢጥ ሲል ዓይኑ ወደ 1 ሜትር ስለሚወርድ መነሻው 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወደ ላይ ደግሞ 2.2 ሜትር ድረስ የተነሳ እጁን ለማየት 1.9 ሜትር አካባቢ ድረስ ቢደርስ ይበቃል። ስለዚህ ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.9 ሜትር፣ ቁመቱ 1.4 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ አንድ መስታወት ሥራውን ይጨርሳል። 4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድግዳ ሙሉ ማልበስ ግን 10 ካሬ ሜትር ነው። ሰባት እጥፍ መስታወት፣ ለዚያው ሥራ።

50 ሳንቲ ሜትሩ ሌላም ጥቅም አለው። ትልቁ የኦሎምፒክ ክብደት ሳህን ዳር እስከ ዳር 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ተንከባልሎ ግድግዳ ቢመታ ከመስታወቱ በታች ይመታል። እስከ ወለል የወረደ መስታወት ግን የመጀመሪያው ተንከባላይ ነገር ይሰብረዋል፤ ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የስብራቱ ዋጋ በብር አይቆጠርም።

ክብደቱም ይታሰብ። የመስታወት አንድ ካሬ ሜትር በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ መስታወት 14 ኪሎ ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሙሉ ግድግዳ ግን 150 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ ልስኑ በለቀቀ ብሎኬት ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ ብቻ ማንጠልጠል ድፍረት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ድሬዳዋም የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መስታወቱ ከታች በአሉሚኒየም መደገፊያ ላይ ይረፍ፣ ከላይና ከጎን በክሊፕ ይያዝ፣ ክሊፑ በፊሸርና በብሎን ይታሰር። ግድግዳው የማያስተማምን ከሆነ መጀመሪያ ኮምፖልሳቶ ግድግዳው ላይ አስሮ መስታወቱን እሱ ላይ መግጠም ይሻላል። ከጀርባው ተለጣፊ ፊልም ካለው ቢሰበር እንኳ ስባሪው አይበተንም።

ሲሊከን የሚጠቀም ባለሙያ ደግሞ አንድ ነገር ይጠየቅ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊከን የመስታወቱን ጀርባ ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ለመስታወት የሚሆነው ሽታ የሌለው፣ ኒውትራል የሚባለው ነው። ኖራ የበዛበት የድሬ ውሃም ለመስታወት አይመችም። በውሃ ተጠርጎ በደረቅ ጨርቅ ካልተወለወለ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ጠርዙ ላይ ከቆየ ጀርባውን ያበላሻል።

አቀማመጡም የኑሮ ጉዳይ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የተሰቀለ መስታወት፣ በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ውስጥ የምትሠራውን ሴት ለሳሎን እንግዳ ያሳያል። ከዓይን ለመራቅ ብላ ቤቷን ለመረጠች ሴት ይህ ክፍሉን ጥቅም አልባ ያደርገዋል። ያው ክፍል ሶላት የሚሰገድበት ከሆነም መስታወቱ በቂብላ በኩል ባይሆን ይመረጣል፤ ሰጋጁ ፊት ለፊት ራሱን ማየት አይፈልግም። ከመስኮት ትይዩ የተሰቀለውም የከሰዓቱን ፀሐይ ተቀብሎ ዓይን ላይ ይመልሰዋል። ከበርም ከመስኮትም ጎን ያለው ግድግዳ ይሻላል።

"መስታወት ያነሳሳል" ለሚሉ

ትልቅ መስታወት የሚወዱ ሰዎች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው ክፍል ያሰፋል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጠባብ ክፍል ሰፊ ያስመስላል። ሁለተኛው ያነሳሳል የሚል ነው። ራሱን ሲያይ ሰው ይበረታል ይላሉ። ይኼኛው ግን ለሁሉም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ ሴቶችን በመስታወት ፊትና ያለ መስታወት አሠርቶ አነጻጽሯል። በመስታወት ፊት የሠሩት ሲጨርሱ የነበራቸው ስሜት ካልታየባቸው የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ገና ለጀመረ፣ በሰውነቱ ለማይኮራ ሰው ሙሉ ግድግዳ መስታወት ከማበርታት ይልቅ ሊያሸሽ ይችላል። የቤት ጂም በይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

አቋም ለማረም ይጠቅማል የሚለው የአሠልጣኞች መከራከሪያ ከሁሉም የጠነከረ ነው። እሱም ወሰን አለው። ፊት ለፊት ያለ መስታወት ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉን ያሳያል፤ ክብደት ከመሬት ሲነሳ ወገብ መጉበጡን ግን አያሳይም። ያንን ለማየት ወደ ጎን መዞር ያስፈልጋል፤ ክብደት ይዞ አንገት ማዞር ደግሞ ራሱ ያጎዳል። ስልክ በርጩማ ላይ አቁሞ ከጎን መቅረጽና ሲያርፉ ማየት ከማንኛውም መስታወት የተሻለ ያስተምራል። ስልኩ ደግሞ በእጅ ያለ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ካሬ ሜትር መስታወት ሊገዛ ያሰበ ቤተሰብ 1.4 ካሬ ሜትሩን ብቻ ይግዛና በተረፈው ሁለት ኮምፖልሳቶና ጥቂት ካሬ ሜትር ጎማ ያዘጋጅ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ መስታወቱ ይቆይ። የጋራ ቤቶች ማኅበራት በበኩላቸው ጠብ እስኪነሳ ሳይጠብቁ፣ ብረት የሚነሳበትን ሰዓትና የወለሉን ነገር በውስጠ ደንባቸው ቢያስገቡ ጎረቤትን ከጎረቤት ያተርፋሉ። ሌሊት ከ3 ሰዓት በኋላና ማለዳ ከ12 ሰዓት በፊት ክብደት አይነሳ፤ ጎማ ያልተነጠፈበት ወለል ላይ ብረት አይቀመጥ። ሁለት መስመር ናቸው፣ በአንድ ስብሰባ ያልቃሉ።

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ቤቱን ለጤናው ሊያውል የተነሳ ሰው ሊበረታታ ይገባዋል። ብረቱን ከመግዛቱ በፊት ግን አንድ ጊዜ ደረጃውን ወርዶ የታችኛውን በር ያንኳኳና "ስንት ሰዓት ላይ ትተኛላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ምን ያህል ጎማ እንደሚያስፈልገው ከማንም ባለሱቅ በላይ የሚነግረው ያ ጎረቤት ነው።